ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ፦ በባህር ዳር አውሮፕላን ወይስ በአባይ በረሃ መኪና?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እናቴን ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ነው። 68 ዓመቷ ነው፤ የአባይ በረሃን መንገድ አትችለውም። ስለዚህ ወደ ባህር ዳር ተመልሰን በአውሮፕላን ብንሄድስ እያልኩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ግን ግራ ገባኝ። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአየር አንዱ 320 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሌላው 333። የመኪናው መንገድ ደግሞ 560 ነው ይባላል። በረራው አንድ ቦታ 25 ደቂቃ ነው ተብሎ አየሁ፤ ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ነው። የትኛውን ልመን? ለመሆኑ ከእኛ ከተማ ተነስቶ በአውሮፕላን መሄድ ጊዜ ይቆጥባል?»

ምላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ፣ ደህና ነኝ። እናትህንም ይማርልህ።

አጭሩን ላስቀድም። ከ25 ደቂቃው በቀር ያየሃቸው ቁጥሮች ሁሉ ልክ ናቸው። የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ፣ ከፍኖተ ሰላም ሲነሱ አውሮፕላኑና መኪናው እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። እኔ ግን ለእናትህ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። የምመርጠው ስለሚፈጥን አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

ብዙ ዓመት የሠራሁት በበረራ ዕቅድ ላይ ነው። ነዳጅ ስንት ይጫን፣ በየት ይሂድ፣ በስንት ከፍታ ይብረር እያልን ወረቀት የምናዘጋጅ ሰዎች ነን። ስለዚህ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው በቶሎ አይላቀቀኝም። ቡናህን ያዝና አንብብ።

ከ320 እና ከ333 እንጀምር። 320 የሚለው ከከተማ መሃል እስከ ከተማ መሃል ነው። ካርታ ላይ «አዲስ አበባ» ከሚለው ነጥብ ተነስቶ «ባህር ዳር» የሚለው ነጥብ ላይ ያርፋል። አውሮፕላን ግን ከአዲስ አበባ ፒያሳ አይነሳም፣ ባህር ዳር ጊዮርጊስ አደባባይም አያርፍም። ቦሌ ያለው ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ነው። የባህር ዳሩ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ሁለቱም ማረፊያዎች ከመሃል ከተማቸው ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፤ ያውም አንዱ ከሌላው በሚርቅበት አቅጣጫ። 13 ኪሎ ሜትሯ የመጣችው ከዚህ ነው።

ራስህ ማስላት ትችላለህ። የባህር ዳር ማረፊያ በኬክሮስ 11.61፣ በኬንትሮስ 37.32 ዲግሪ ላይ ነው። ቦሌ 8.98 እና 38.80 ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 2.63 ዲግሪ ነው። በእኛ አካባቢ አንዱ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ወደ ደቡብ 291 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.48 ነው፤ አንዱ ዲግሪ እዚህ 109.5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ወደ ምሥራቅ 162 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤት የተማርናት የፓይታጎረስ ሕግ ትበቃለች። 291 እና 162ን በየራሳቸው አባዛ፣ ደምር፣ ካሬ ሥሩን አውጣ። 333። አየህ፣ ምሥጢር የለውም።

ለሩቅ አገር ይሄ ስሌት አይሠራም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ካርታ ላይ ሲታይ የጎበጠ ይመስላል። ቅል ላይ ሁለት ነጥብ አድርግና ክር ወጥረህ እየው፤ ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ስታየው በሰሐራ ሰንጥቆ አትላንቲክን የሚያቋርጥ ይመስልሃል። ክሩ ግን ሰሐራን ወደ ሰሜን ምዕራብ አቋርጦ በሜዲትራኒያንና በስፔን በኩል ነው የሚሄደው። ለባህር ዳር ስሌት ግን ጎባጣው ልዩነት አያመጣም፤ እርሳው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ያን 333 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ጎጃም ካርታ ላይ አስምረው። ከባህር ዳር ተነሳና ከደቡብ ወደ ምሥራቅ 29 ዲግሪ ያህል አዘንብል። መጀመሪያ የምታገኘው አዴት ነው። ቀጥሎ ጮቄ ተራራ። ጎኑን ታክኮ ያልፋል ማለቴ አይደለም፤ መስመሩ የሚያልፈው በጮቄ አናት ላይ ነው። ከዚያ ደጀን። ከዚያ አባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን። እውነተኛው በረራ በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች መስመርና ትእዛዝ ስለሚሄድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለቱ አይቀርም። ግን በደፈናው መንገዱ ይሄ ነው።

የመኪናው መንገድ ለምን 560 እንደሆነ የሚመልስልህም ይኸው ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ጎጃም መሃል ተቀምጧል። ጥርጊያው በላዩ መውጣት አልቻለም፤ ዞረው። በእናንተ በኩል ያለው ዋናው አስፋልት በምዕራብ ይዞራል። መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደንበጫ፣ ማርቆስ፣ ከዚያ ደጀን። ሌላው በምሥራቅ ይዞራል። አዴት፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን። የምሥራቁ ወደ 490 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከምዕራቡ ያጥራል። ሁለቱም ደጀን ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ደግሞ አባይ አለ።

አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከጎጃም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ መሻገሩ ግድ ነው። ከደጀን ጎሃ ጽዮን በአየር 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመኪና ግን ወደ 40 ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ህዳሴ ድልድይ 1,400 ሜትር ያህል ትወርዳለህ፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ትወጣለህ። ከኋላህ ሙሉ የጫነ ተሳቢ፣ ከፊትህ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት ሌላ ተሳቢ። አውሮፕላኑ ይቺን ሸለቆ በሁለት ደቂቃ ከምናምን ያልፋታል። መኪና አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅባት ይችላል። በበረሃው መንገድ የደከመውን ሰው እኔም አውቀዋለሁ፤ እናትህ አልችለውም ማለታቸው ትክክል ነው።

ወደ 25 ደቂቃው ልመለስ። ይህን የሚጽፉት ድረ ገጾች ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አካፍለው ነው። 333ን ለ800 ስታካፍል 25 ደቂቃ ይወጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። አውሮፕላኑ ነው የተሳሳተው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የትልልቅ ጄቶች ፍጥነት ነው፤ ያውም ከፍ ብለው ወጥተው ሲረጋጉ። በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የምትሳፈረው ባለ ማራገቢያውን ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። እርሱ ቢበዛ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። አንዳንድ ቀን ቦይንግ 737 ይመደባል። ቢመደብም ብዙ አትጠቀምም፤ ፍጥነቱን ሳያወጣው መውረጃው ይደርሳል።

ይሄ «መውረጃው ይደርሳል» ያልኩት ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ባህር ዳር ማረፊያ ከባህር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ግድም ነው። ጮቄን በሰላም ለማለፍ፣ ነዳጅም ለመቆጠብ አውሮፕላኑ ለምሳሌ 21,000 ጫማ ይወጣል። (ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ 19፣ 21፣ 23 ሺህ። ሲመለስ ሙሉ ቁጥር፤ 20፣ 22፣ 24። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለና ወደ ምዕራብ ያዘነበለ በረራ በአንድ ከፍታ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ነው።) እዚያ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እየወጣ ሳለ ፍጥነቱ ገና ነው። መውረዱም እንዲሁ ዝም ብሎ መውደቅ አይደለም። ፓይለቶች ለ1,000 ጫማ 3 የባህር ማይል የምትል ቀላል ሒሳብ አለቻቸው። ቦሌ ራሱ 7,600 ጫማ ላይ ነው። ከ21,000 እዚያ ለመውረድ 13,400 ጫማ ነው፤ 40 የባህር ማይል፣ ማለትም 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ጎሃ ጽዮንን አልፎ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ድምፁን ሲቀንስ የምትሰማው ለዚህ ነው። ከመውጣቱና ከመውረዱ መካከል በቀጥታ የሚበርባት ሩብ ሰዓት ብትሆን ነው።

ማኮብኮቢያውም አለ። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። አንተ የምትመጣው ከሰሜን ምዕራብ። ስለዚህ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መጥቶ ዘፍ አይልም። ነፋሱ ከየት እንደሆነ ታይቶ፣ ተራው ተጠብቆ፣ ዞሮ ነው የሚያርፈው። ከፊቱ ከዱባይ ወይም ከናይሮቢ የመጣ ካለ ሰማይ ላይ አንድ ሁለቴ ሊዞር ይችላል። ካረፈም በኋላ እስኪቆም ድረስ ያኮበኩባል፤ ቦሌ ሰፊ ነው።

ትኬትህ ላይ ያለው አንድ ሰዓት ይህን ሁሉ የያዘ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። ሰማይ ላይ የምትቆየው 45 ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀሪው መሬት ላይ ነው። በመጠኑም ለመዘግየት የተተወች ደቂቃ አለችበት። «ቀድመን ደረስን» ተብለህ ታውቅ ከሆነ ያቺን ደቂቃ ነው የበላሃት።

ለራስህ መገመቻ የምትሆን ቀላል ዘዴ ልስጥህ። ለአገር ውስጥ በረራ የአየሩን ርቀት ለ600 አካፍል፤ ግማሽ ሰዓት ጨምርበት። ባህር ዳር 33 ደቂቃ እና 30፣ አንድ ሰዓት ከ3 ደቂቃ። ጎንደር በአየር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሰዓት ከ12። ተመልከት፤ ጎንደር በ87 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በጊዜ ግን ልዩነቱ 9 ደቂቃ ብቻ ነው። አጭር በረራ ላይ ጊዜህን የሚበላው ርቀቱ አይደለም። መነሳትና ማረፍ ነው።

ይህን ከያዝክ ዋናው ጥያቄህ ላይ ደርሰናል። ሰው «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው» ሲል እሰማለሁ። የማን አንድ ሰዓት? የአውሮፕላኑ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ያንተ ሰዓት የሚቆጠረው የቤትህን በር ቆልፈህ ከወጣህበት እስከ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ነው።

እንቁጠረው። ባህር ዳር መናኸሪያ ወርደህ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይዘህ ማረፊያው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት። ለፍተሻና ለቼክ ኢን ሁለት ሰዓት ቀድመህ መገኘት አለብህ። በረራው አንድ ሰዓት። ቦሌ ላይ ሻንጣ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት። ከቦሌ የምትሄድበት ቦታ ለመድረስ፣ የአዲስ አበባን መንገድ ታውቀዋለህ፣ አንድ ሰዓት ያዝለት። ድምሩ 5 ሰዓት። ይቺ 5 ሰዓት ከየትም ብትነሳ አትቀነስም። ከባህር ዳር መሃል የሚነሳም ይከፍላታል፣ ከማርቆስ የሚመጣም ይከፍላታል። የሚለያየው ባህር ዳር ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ባህር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ነው። በአባዱላ ሦስት ሰዓት ተኩል በለው። ከ5ቱ ጋር ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። በሌላ በኩል ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ በመኪና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ምሳ አብልቶ፣ በረሃውን ወጥቶ፣ ሰላሌን አቋርጦ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሱሉልታን ቢይዝ ጥሩ ሄዷል። ከተማ ገብተህ የምትፈልግበት እስክትደርስ 10 ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ተጓዝክ ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። ያውም አንድ አባዱላ እስኪሞላ ብትጠብቅ የምትጠፋ አንድ ሰዓት።

የሚገርመኝ ነገር ይሄ ነው። ይህን ሒሳብ ለጎጃም ከተሞች ሁሉ ስታደርገው መቁረጫው እናንተው ዘንድ ይወድቃል። ከዳንግላ ለሚነሳ ሰው ባህር ዳር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በመኪና ከ11 ሰዓት በላይ። ጥያቄም የለው፣ ይብረር። እንጅባራም ያው ነው። ቡሬ ላይ አውሮፕላኑ ገና ይበልጣል፤ ትርፉ ግን እየሳሳ መጥቷል። ፍኖተ ሰላም ላይ እኩል ለመሆን አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ደብረ ማርቆስ ላይ ይገለበጣል። ከማርቆስ ወደ ኋላ ባህር ዳር 265 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ፊት አዲስ አበባ 300። አዲስ አበባ ከባህር ዳር በ35 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆበት ሳለ አውሮፕላን ፍለጋ ወደ ኋላ የሚመለስ የማርቆስ ሰው ጊዜ ሳይሆን ሌላ ምክንያት ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ መንገድ ሰላም ሲሆን ነው። የሰሞኑን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ የመናኸሪያ ሰው ያውቀዋል፤ ከመነሳትህ በፊት ጠይቀው። ወደ ባህር ዳር ያለውም ወደ ደጀን ያለውም እኩል አይከፈትም፣ እኩል አይዘጋም።

ሌላም ነገር ጨምርበት። የጠዋት በረራ ከያዝክ ባህር ዳር ማደር ግድ ይሆናል። አልጋ፣ እራት። የከሰዓት በረራ ከያዝክ ደግሞ በጠዋት ተነስተህ ትደርሳለህ። ክረምት ከሆነ ግን ከሰዓት ላይ ደመናው ይቆለላል፤ ነጎድጓዱም ይበዛል። ባህር ዳር ማረፍ ያቃተው አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር ግድም ወዳለችው ጎንደር ሊሄድ ወይ ወደ ቦሌ ሊመለስ ይችላል። አውሮፕላኑ ካልመጣ ደግሞ የሚወስድህ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዘመዶቼን የምመክረው አድረው በጠዋቱ እንዲሄዱ ነው። ለእናትህም ማደሩ እረፍት ነው።

እንግዲህ ጊዜው እኩል ከሆነ ለምን አውሮፕላኑን መረጥክ ትለኛለህ። በጆሯቸውና በወገባቸው ምክንያት።

ብዙ ሰው አውሮፕላን ጆሮ ይደፍናል ብሎ ይፈራል። በዚህ መስመር ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የአውሮፕላኑ ካቢን በአየር ይሞላል። ከውጭ 21,000 ጫማ ቢሆንም ውስጡ የሚሰማህ ከፍታ ያ አይደለም። ከባህር ዳር 1,820 ሜትር ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ቦሌ 2,330 ሜትር ይሄዳል። አምስት መቶ ሜትር ያህል ለውጥ ነው፤ ካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ከአዲስ አበባው ብዙም የሳሳ አይሆንም። በአባይ በረሃ ግን 1,400 ሜትር ወርደህ 1,400 ሜትር ትወጣለህ፤ ያውም ደጋ፣ ቆላ፣ እንደገና ደጋ። ሙቀቱ ሌላ፣ ጥምዝምዙ ሌላ። ጆሮ የሚደፍነውም ልብ የሚያጥወለውለውም እርሱ ነው። ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ከሚያንገጫግጭ ወንበር ላይ መቀመጥና ሦስት ሰዓት ተኩል ተጉዞ፣ አርፎ፣ አንድ ሰዓት መቀመጥ ለአንድ የ68 ዓመት ሴት አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ፤ ይሄን በቦልድ ጻፍልኝ ብትለኝ እጽፈው ነበር። የመሄጃው በረራ ችግር የለውም። ችግር ሊኖር የሚችለው ሲመለሱ ነው። ሕክምናው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ማስወገድ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያሳስብም። የሬቲና ቀዶ ሕክምና ሆኖ ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ከተሞላ ግን ጋዙ ሟሙቶ እስኪያልቅ አውሮፕላን ክልክል ነው። የውጭ ግፊት ሲቀንስ ጋዙ ይለጠጣል፣ ዓይንን ይጫናል፤ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። መኪናም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሱሉልታን ዳገት ይወጣል፣ ከበረሃው ወለልም ደጀን አፋፍ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙን «በአውሮፕላን መመለስ ይችላሉ ወይ?» ብቻ ብለህ አትለፍ። «የምንኖረው ጎጃም ነው፣ በመኪና ስንሄድ ከፍታና ሸለቆ አለ» በለው። የአዲስ አበባ ሐኪም ፍኖተ ሰላም ያለችበትን ላያውቅ ይችላል።

ትኬት ስትቆርጥ መራመድ ካቃታቸው ዊልቸር እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድመህ አስመዝግብ። ዳሽ ላይ የሚወጣው በአጭር ደረጃ ነው፤ ረዳት ይኖራቸዋል። መታወቂያ አትርሳ። ማርና ቅቤ ይዛችሁ መምጣታችሁ አይቀርም፤ ጎጃሜ ባዶ እጁን ዘመድ ቤት አይሄድም። እርሱን ከእጅ ሻንጣ አውጣና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አሽገህ ክተት። ፍተሻው ላይ ሲወሰድባቸው ከሚያዩ ዓይናቸውን ቢያማቸው ይመርጣሉ።

መቀመጫ የመምረጥ ዕድል ካገኘህ በግራ በኩል አስቀምጣቸው። ከባህር ዳር ሲነሳ ጢስ ዓባይ ያለው በዚያ ወገን ነው፤ ሞጣም እንዲሁ። በቀኝ በኩል የሚቀመጠው ሰው ማርቆስን በሩቁ ያገኛታል። ጮቄ ከሥራችሁ ስለሚሆን ማንም በደንብ አያየውም።

የመጨረሻው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የሚሳፈር ጊዜ ትኬቱ ላይ 07፡00 የሚል አነበበ። 7 ሰዓት ነው ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማረፊያው ደረሰ። «በጊዜ መጣሁ» ብሎ ኩራት ተሰምቶታል። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሄዷል። ትኬት ላይ ያለው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 6 ትቀንስለታለህ። 07፡00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13፡00 ከቀኑ 7 ሰዓት። ቀኑም እንደዚያው ነው። ሴፕቴምበር 20 ማለት መስከረም 20 አይደለም፤ መስከረም 10 ነው። አሥር ቀን ዘግይቶ ማረፊያ የደረሰ ሰው ገና አላየሁም፤ አንተ የመጀመሪያው እንዳትሆን።

ትኬቱን እንደያዝክ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር በትልቁ ጽፈህ ለእናትህ ስጣቸው። እንዳነበቡልህም አረጋግጥ፤ የዓይናቸው ነገር ነውና።